የሄያን ዘመን ለምን በ1185 አበቃ?

ናራ፣ ሄያን፣ ካማኩራ የሚባሉት የጃፓን ዘመናት ስማቸውን የወሰዱት ከነገሥታት ሳይሆን ሥልጣን ከተቀመጠበት ቦታ ነው። ናራ በ710 መዲና ሆነች (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ በ794 ንጉሠ ነገሥት ካንሙ የዛሬዋን ኪዮቶ፣ ሄያን-ክዮን፣ መዲና አደረጉ።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው ከዚህ በኋላ ነው። ከ1185 ወዲህም ዙፋኑ ኪዮቶ ነበር፤ ታዲያ ዘመኑ ለምን ተቀየረ? በዚያ ዓመት የሚናሞቶ የጦረኞች ወገን ተቀናቃኞቹን ታይራዎችን በዳን ኖ ኡራ ባሕር ላይ ድል ነሣ፤ ሕፃኑ ንጉሠ ነገሥት አንቶኩም ከአያቱ ጋር ሰጠመ። የአሸናፊው ወገን መሪ ዮሪቶሞ በየአውራጃው ሹም የመሾም መብት ያገኘው በዚያው ዓመት ነው፤ መቀመጫውም ካማኩራ ነበር። አንዳንዶች ግን የካማኩራን ዘመን የሚጀምሩት እሱ ሾጉን (የጦር ገዢ) ከተባለበት ከ1192 ነው። እኔ 1185ን እመርጣለሁ፤ ማዕረጉ የመጣው ሥልጣኑ ከተያዘ በኋላ ነውና።