የመምህራን ለለውጥ ዝግጁነት ምንድን ነው?

ትምህርት ቤቱ አሠራሩን ሊቀይር ነው እንበል። ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ጠራ፣ አዲሱን መመሪያ በፕሮጀክተር አሳየ፣ የግማሽ ቀን ሥልጠና ተሰጠ፣ ሁሉም አቴንዳንስ ላይ ፈረመ። ሪፖርቱ ላይም «መምህራን ለለውጡ ተዘጋጅተዋል» ተብሎ ሰፈረ። የት ተዘጋጁ? ተነገራቸው እንጂ።

ለለውጥ ዝግጁነት የሚባለው መምህሩ ስለ ለውጡ ውስጡ የያዘው እምነት ነው። አቺሌስ አርሜናኪስ የተባለ የአስተዳደር ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1993 ስለዚህ ጉዳይ ጽፏል። እሱና ባልደረቦቹ ከዚያ በኋላ በሠሯቸው ሥራዎች እምነቱን አምስት ቦታ ከፈሉት፤ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ቋንቋ ስናስቀምጠው እንዲህ ይሆናል፦ አሁን ያለው አሠራር ምን ችግር ኖሮበት ነው? ችግር ካለስ መፍትሔው ይሄ ነው? እንችለዋለን? አለቆቹ የምራቸውን ነው ወይስ ወሬው ሲበርድ ይተውታል? ደግሞስ እኔ ምን አገኛለሁ፣ ምን አጣለሁ?

የተለመደው ሥልጠና በአብዛኛው ሁለተኛውን ብቻ ነው የሚመልሰው። ስለ መፍትሔው ውበት ይሰበካል፣ ሌሎቹ አራቱ እንደተንጠለጠሉ ይቀራሉ።

አንዲት የሒሳብ መምህርት አስቡ። ክፍለ ጊዜዋ 40 ደቂቃ ነው። 10 ደቂቃ የቤት ሥራ ታርማለች፣ 20 ደቂቃ ታብራራለች፣ 10 ደቂቃ የክፍል ሥራ ታሠራለች። በዓመታት ልምድ የተስተካከለ ነገር ስለሆነ ሰዓት እንኳ አታይም። ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ ሁለት ክፍለ ጊዜ ተጣምሮ 80 ደቂቃ ይሆናል ተባለ። ሥልጠናው ላይ የሰማችው ረጅም ክፍለ ጊዜ ለተማሪ ተኮር ትምህርት እንዴት እንደሚመች ነው። እሷ ግን ጭንቅላቷ ውስጥ ያለው ሌላ ነው፦ 35ኛው ደቂቃ ላይ ማብራሪያዬ ካለቀ ቀሪውን 45 ምን አደርገዋለሁ? ሌሰን ፕላኑ በሙሉ እንደ አዲስ ሊጻፍ ነው? እጇን አውጥታ «አንድ ቀን ብቀር ማን ይሸፍንልኛል?» ስትል ከመድረኩ «አሉታዊ አመለካከት አለባት» ተብሎ ይያዝባታል። ጥያቄዋ ግን ከሁሉም በላይ ወደ ሥራው የቀረበው ነው። ለውጡ እንዲሠራ ያላሰበ ሰው ስለ ሽፋን አይጨነቅም።

ይሄ ነገር የታወቀ ነው እኮ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኦስቲን፣ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ ጂን ሆልና ባልደረቦቹ መምህራን አዲስ ነገር ሲመጣባቸው የሚያሳስባቸውን በደረጃ አስቀምጠውታል። ከ0 እስከ 6 ድረስ ሰባት ደረጃ አለው፤ ባጭሩ ግን ሐሳቡ መጀመሪያ «እኔስ?» ይላል፣ ከዚያ «እንዴት ልሥራው?»፣ ተማሪው ላይ ያለው ውጤት የሚመጣው በኋላ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ስለ ተማሪ ውጤት ብቻ ካወራችሁ ሰው ጆሮ ዳባ ልበስ ቢላችሁ አትደነቁ።

ታዲያ ማዘጋጀት ማለት ምን ማድረግ ነው? አንደኛው ማሳተፍ ነው፣ ግን የምር። ሌስተር ኮክና ጆን ፍሬንች እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተሙት ጥናት አለ፤ የተካሄደው ፒጃማ በሚሰፋበት ፋብሪካ ነው (ከትምህርት ቤት ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል)። የአሠራር ለውጡን ሲያቅዱ የተሳተፉት ሠራተኞች ቶሎ ወደ ቀድሞ ምርታቸው ተመልሰው አልፈውት ሄዱ፣ ዝም ብሎ የተነገራቸው ግን ምርታቸው ወርዶ ቀረ። ለይስሙላ መጠየቅ ግን ካለመጠየቅ ይብሳል። 80 ደቂቃው አልቆለት የተወሰነ ከሆነ «ይሄ ተወስኗል» በሉ። ያልተወሰነውን ደግሞ ለእነሱ ተዉላቸው፦ የትኛው ትምህርት ይጀምር፣ የቀረ መምህር እንዴት ይሸፈን፣ የጋራ ዕቅድ የሚሠራበት ሰዓት ከየት ይምጣ።

ሌላው ሥልጠናውን ክፍል ውስጥ ድረስ መከተል ነው። አዳራሽ ውስጥ የተሰማ ነገር ብቻውን ክፍል ድረስ ብዙም አይዘልቅም፤ መምህርቷ የ80 ደቂቃ ትምህርት ሲሰጥ ማየት፣ ራሷ መሞከር፣ ከዚያም ባልደረባዋ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ አይታ እንድትነግራት ያስፈልጋል። ይህ ከኢንስፔክሽን ጋር ከተቀላቀለ ግን ማንም በሩን አይከፍትላችሁም።

አስቀድሞ መነገር ያለበትም አለ። ማይክል ፉላን የተባለው የትምህርት ለውጥ ተመራማሪ እንደሚለው፣ ለውጥ ሲጀመር ሥራውም በራስ መተማመኑም ትንሽ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። ጎበዟ መምህርት ለተወሰነ ጊዜ እንደ ጀማሪ ትሆናለች። ይህ ቀድሞ ካልተነገራት «አልችልም» ብላ ትደመድማለች፣ አለቃውም «ለውጡ አልሠራም» ብሎ ይሰርዘዋል።

ዝግጁነቱን ለማወቅ አምስቱን ጥያቄዎች ስም በማይጻፍበት ወረቀት መበተን ይበቃል። «እንችለዋለን?» ላይ ብዙ «አይ» ከመጣ መልሱ ሥልጠናና ጊዜ ነው። «አለቆቹ የምራቸውን ነው?» ላይ ከመጣ ግን ሥልጠና ምንም አይፈይድም፤ ከዚህ በፊት የተጀመሩ ለውጦች ሜዳ ላይ ሲቀሩ ያየ ሰው ርዕሰ መምህሩ ራሱ አንድ የ80 ደቂቃ ክፍል ሲያስተምር ማየት ይፈልጋል። «አሁን ያለው ምን ችግር አለበት?» ለሚለው ደግሞ ሁሉም «ምንም» ብሎ ከመለሰ፣ ለመቀስቀስ ከመሮጣችሁ በፊት ለውጡን ራሱን መልሳችሁ እዩት። መምህራኑ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ።