ፋራዴይ ሮቴሽን ምንድን ነው?

በከዋክብት መካከል ያለው ሰፊ ቦታ ባዶ አይደለም፤ ጋዝ አለበት። በእርግጥ በጣም ስስ ነው። በአማካይ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ አንድ አቶም ቢገኝ ነው። በውስጡ ደግሞ መግነጢሳዊ መስክ አለ፤ ከምድራችን መስክ 100 ሺህ ጊዜ ያህል የደከመ። ታዲያ ይህን እዚህ ሆኖ እንዴት መለካት ይቻላል? አንዱ ዋና መንገድ ፋራዴይ ሮቴሽን ነው።

በጋላክሲያችን ውስጥ ወደ ብርሃን ፍጥነት የተጠጉ ኤሌክትሮኖች ይከንፋሉ። መግነጢሳዊ መስኩ መንገዳቸውን ይጠመዝዘዋል፤ እነሱም ሲጠመዘዙ የሬዲዮ ሞገድ ይለቃሉ። ይህ ሞገድ ፖላራይዝድ ነው። ጫፉ የታሰረ ገመድ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ስትወዘውዙት እንደሚሆነው፣ ሞገዱም ወደ አንድ አቅጣጫ አድልቶ ይርገበገባል።

ሞገዱ ወደ እኛ ሲመጣ ነፃ ኤሌክትሮኖች ባሉበት ጋዝ ውስጥ ያልፋል። እዚያ መግነጢሳዊ መስክ ካለ የርግብግቡ አቅጣጫ ቀስ በቀስ ይዞራል፤ ፋራዴይ ሮቴሽን የሚባለው ይህ ነው። ማይክል ፋራዴይ ይህን መዞር በ1845 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ አግኝቶታል። እሱ የተጠቀመው የሚታይ ብርሃን፣ ማግኔትና እርሳስ የበዛበት ከባድ መስታወት ነበር።

ግን ሞገዱ ሲነሳ ወዴት ያደላ እንደነበር ካላወቅን ምን ያህል እንደዞረ በምን እናውቃለን? ቁልፉ ያለው የሞገድ ርዝመት ላይ ነው። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን መዞሩ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ያንኑ ምንጭ በተለያየ የሞገድ ርዝመት እንለካለን። በልኬቶቹ መካከል ያለው ልዩነት መዞሩን ያወጣልናል፤ መነሻውንም ጭምር። የዞረበት አቅጣጫ ደግሞ መስኩ ወደ እኛ ይምጣ ወይም ከእኛ ይራቅ ይነግረናል። በጎን የሚያልፈው መስክ ግን በዚህ ዘዴ አይታይም።

ምንጮቹ ፑልሳሮች፣ ማለትም እየተሽከረከሩ የሬዲዮ ምት የሚልኩ ከዋክብት፣ ሲሆኑ ነገሩ የበለጠ ያምራል። የፑልሳር ምት በረዥም ሞገድ ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል። የመዘግየቱ መጠን በመንገዱ ላይ ስንት ኤሌክትሮን እንዳለ ያሳያል። መዞሩን ለዚህ ስናካፍለው የመስኩ አማካይ ጥንካሬ ይወጣል። አንድ ኮከብ በሁለት ልኬት ብቻ ይህን ሁሉ ሲናገር በጣም ደስ ይላል!

እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ግን ካርታው ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በብራያን ጌንስለር የተመራ ቡድን ኖርማ በተባለው ህብረ ከዋክብት አቅጣጫ ያለውን ሰማይ በአውስትራሊያ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ አጥንቶ ውጤቱን አሳተመ። በተራው የሬዲዮ ብሩህነት ካርታ ላይ ምንም የማይታይበት ቦታ፣ ፖላራይዜሽኑ በፍጥነት የሚለወጥበት ስፍራ ተለይቶ ሲሳል እንደ ክር በተጠላለፉ መስመሮች ተሞላ። መስመሮቹ የጋዙ እፍጋት ወይም መግነጢሳዊ መስኩ በድንገት የሚቀየርባቸው ቦታዎች ናቸው። ቡድኑ መስመሮቹን በኮምፒውተር ከተሠሩ የጋዝ ሞዴሎች ጋር አነጻጸረ። በዚህም የጋዙ ትርምስ ፍጥነት በዚያው ጋዝ ውስጥ ካለው የድምፅ ፍጥነት ብዙም እንደማይበልጥ አወቀ።