ሲጋር ለጀማሪ በወሎ፦ የራስን ጣዕም ማግኛ መንገድ

ሲጋር ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ እንደ ልብ የሚገኝ ነገር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ወይም ከውጭ የሚገባ ዘመድ ከኤርፖርት ሱቅ ገዝቶ ያመጣዋል። ስለዚህ አንድ ወሎዬ ሲጋር ሲጀምር መርጦ ሳይሆን እጁ በገባለት ነው። ያ የገባለት አንዱ ደግሞ ወይ ደርቋል ወይ ለጀማሪ ይከብዳል፣ እሱም «ሲጋር አይስማማኝም» ብሎ ይተወዋል። ጣዕም ግን በአንድ ሲጋር አይታወቅም፣ በዋጋም አይታወቅም። ቀስ ብሎ በማወዳደር ነው የሚገኘው፣ ያውም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየቀየሩ።

ሲጋር ከውስጥ እስከ ውጭ የትምባሆ ቅጠል ነው፣ እንደ ሲጋራ ወረቀት የለውም። መሃሉ መሙያ ቅጠል ነው። እሱን አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ ቅጠል አለ፣ ከላይ ደግሞ ዓይን የሚስበው ሽፋን ይለብሳል። ጥሩዎቹ በእጅ የሚጠቀለሉ ናቸው፣ መሙያቸውም ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚደርስ ሙሉ ቅጠል ነው። ርካሾቹ በብዛት በማሽን ተሠርተው የተከተፈ ትምባሆ ይሞላቸዋል። ጀማሪ በጣም የሚሳሳተው ቀለም ላይ ነው። ጠቆር ያለ ሲጋር ሲያይ «ይሄማ አይቻልም» ይላል። ጥንካሬው ግን በአብዛኛው የሚመጣው ከመሙያው ነው፣ በተለይም ከተክሉ አናት ላይ ሆኖ ብዙ ፀሐይ ካገኘው፣ ሊጌሮ ከሚባለው ቅጠል። ማዱሮ የሚባለው ጥቁር ሽፋን እንዲያውም ረጅም ጊዜ ስለሚብላላ ወደ ጣፋጭነት ያደላል።

የት እንደበቀለም ማወቅ ይጠቅማል። ስመ ጥሩዋ ኩባ ናት፣ በተለይ ፒናር ዴል ሪዮ ውስጥ ያለው ቩኤልታ አባሆ የተባለው አካባቢ። ከ1959 እ.ኤ.አ. አብዮት በኋላ ፋብሪካዎቹ ሲወረሱ ብዙ ባለሙያዎች ሙያቸውን ይዘው ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ሆንዱራስና ኒካራጓ ተሰደዱ፣ ዛሬ ምርጫው እንዲህ የሰፋውም በዚህ ምክንያት ነው። በጥቅሉ የዶሚኒካኑ ለስለስ ይላል፣ የኒካራጓው፣ በተለይ ኤስቴሊ በሚባለው አካባቢ የበቀለው፣ ቃሪያ ቃሪያ ይላል። ኮሂባ የሚባለውን ታዋቂ የሲጋር ስም ሰምታችሁ የምትፈልጉ ካላችሁ አንድ ነገር ያዙ፦ የመስታወት ክዳን ባለው ሳጥን የሚቀርብ የኩባ ኮሂባ ሐሰተኛ ነው። ስጦታም ቢሆን።

ወሎ ውስጥ ዋናው ጠላት ድርቀት ነው። ሲጋር ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ባለው አየር ውስጥ መቀመጥ ይፈልጋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲገባ አየሩ ብርዳማና ደረቅ ይሆናል፣ መሳቢያ ውስጥ የተጣለ ሲጋርም ብዙ አይቆይም። ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ደግሞ ሙቀቱ ይጨምራል። ከ25 ዲግሪ ካለፈ ቅጠሉ ውስጥ የተደበቀ የትምባሆ ነቀዝ እንቁላል ሊፈለፈል ይችላል፣ ከተፈለፈለ ደግሞ ሲጋሩን በስቶ ነው የሚጨርሰው። መኪና ውስጥ መተውማ አይታሰብም።

ውድ የእንጨት ሳጥን መግዛት ግን ግድ አይደለም። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የሚገጥም የፕላስቲክ ምግብ ዕቃ ይበቃል። ሲጋር የሚያመጣላችሁን ሰው እርጥበት የሚያመጣጥን ትንሽ ከረጢት አብሮ እንዲያመጣ ንገሩት፣ ቦቬዳ የሚባለው የታወቀ ነው፣ 65 ወይም 69 የሚል ቁጥር ይጻፍበታል። እርጥብ ጨርቅ ወይም የብርቱካን ልጣጭ አታስገቡ፣ ሻጋታ ይጠራል። ደህና መሆኑን ለማወቅ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቀስ ብላችሁ ጫን አድርጉት። ደህናው ትንሽ ይሰምጥና መልሶ ይነሳል። የደረቀው ይንኮሻኮሻል፣ ሽፋኑም ይሰነጠቃል። ከደረቀ ዕቃው ውስጥ ከትታችሁ ሳምንታት ታገሡት፣ ውኃ አትርጩበት።

አሁን ወደ መለኮሱ። አፍ የሚነካው ጫፍ ላይ ትንሽ ክብ ቆብ ተለጥፋለች። የምትቆረጠው እሷ ብቻ ናት፣ 2 ሚሊ ሜትር ያህል፣ በስለታም መቁረጫ፣ በአንዴ። ዝቅ ብላችሁ ከቆረጣችሁ ሽፋኑ መፈታት ይጀምራል። የቤንዚን ላይተር ሽታው ስለሚገባበት በጋዝ ላይተር ወይም በክብሪት ለኩሱት፣ ክብሪት ከሆነ ድኙ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ጠብቁ። እሳቱ ቅጠሉን ሳይነካ፣ ሲጋሩን እያዞራችሁ ጫፉን ዙሪያውን አሙቁት። ጠርዙ እኩል ሲጠቁርና ሲቀላ ያኔ ሳብ አድርጉ። ይህች ግማሽ ደቂቃ ከተዘለለች ሲጋሩ በአንድ ጎን ብቻ እየነደደ ያስቸግራል።

ጭሱ ወደ ሳንባ አይገባም። አፍ ውስጥ ይቆይና ይወጣል። በደቂቃ አንዴ ያህል መሳብ በቂ ነው፣ ከዚያ ከፈጠነ ይግላል፣ ምላስ ይቆነጥጣል፣ ጣዕሙም ይመራል። ቡና ከአቦል ወደ በረካ እየቀጠነ ይሄዳል አይደል፣ ሲጋር ግን ተቃራኒው ነው፣ ወደ መጨረሻው እየወፈረና እየበረታ ይመጣል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሲሶ ብቻ አትፍረዱ፣ የመጨረሻው ሲሶ ከከበዳችሁም ተዉት፣ ራሱ ይጠፋል። ባዶ ሆድ ላይ ከሆነ ኒኮቲኑ ያዞራል፣ ያልባል፣ ያቅለሸልሻል። በልታችሁ ጀምሩ፣ ስኳር ያለው ሻይ ወይም ተምር አጠገባችሁ ይኑር።

አሁን ዋናው ነገር፣ ማወዳደሩ። አንድ መጠን ምረጡና እሱን አትቀይሩ። ፔቲ ኮሮና ወይም ሮቡስቶ ጥሩ ነው። ሮቡስቶ ወደ 12.5 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። 18 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋውን ቸርችል ለጊዜው ተዉት። በመጀመሪያ ኮኔቲከት የሚባል ፈዘዝ ያለ ሽፋን ያለውን ሞክሩ፣ ሌላ ቀን በዚያው መጠን ማዱሮ። በአንድ ቀን ሁለት አይሆንም፣ ምላስ ይደነዝዛል። ዕጣን እየጨሰም አይሆንም። ወሎ ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ ዕጣኑ አይቀርም፣ እሱ ባለበት ደግሞ አፍንጫ ሌላ ነገር አይለይም፣ ስለዚህ ቡናችሁን ይዛችሁ ወደ ግቢ ውጡ።

የቀመሳችሁትን ስትጽፉ የውጭ ሰው ያለውን አትድገሙ። እነሱ «ሴዳር» ይላሉ፣ እናንተ ጥድ ታውቃላችሁ። የወይራ ጭስ የታጠነ የወተት ዕቃ፣ ሊያር የቀረበ ቡና፣ አዲስ ቆዳ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ድርቆሽ፤ እነዚህ ሁሉ አፍንጫችሁ ውስጥ አሉ። ጭሱን ከማውጣታችሁ በፊት ጥቂቱን፣ በጣም ጥቂቱን፣ በአፍንጫ አውጡት፣ ልዩነቱ ጎልቶ የሚሰማው ያኔ ነው። በሁለት መስመር፣ በራሳችሁ ቃል ጻፉ፣ ሲጋሩ ላይ የተጠመጠመችውን፣ ስሙ የተጻፈባትን ቀለበትም ማስታወሻችሁ ላይ ለጥፏት።

ጉዳቱን ሳልናገር አላልፍም። ጭሱ ሳንባ ባይገባም የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ያመጣል፣ አንድ ትልቅ ሲጋር የአንድ ፓኮ ሲጋራ ያህል ትምባሆ ሊኖረው ይችላል። ትምባሆ ነክታችሁ ለማታውቁ፣ አለመጀመር ይሻላል። ለሚያጨስም የዘወትር ነገር ባይሆን ነው የምመኘው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥን፣ በተዘጋ የሕዝብ ቦታና በሥራ ቦታ ውስጥ ማጨስንም ይከለክላል። ከሕጉ ሌላ የቤታችን ወግ አለ። ሽማግሌ ፊት፣ ዱዓ ሲደረግ፣ ጾም በያዘ ሰው አጠገብ አይለኮስም።

የተወሰኑትን ከቀመሳችሁ በኋላ ማስታወሻችሁ ራሱ አቅጣጫ ያሳያል። ለስላሳው ከጣማችሁ የዶሚኒካን ሲጋሮች ውስጥ ቆዩና ሽፋኑን ብቻ ቀያይሩ። ማዱሮው ከወደዳችሁት ሳን አንድሬስ የሚባለውን የሜክሲኮ ጥቁር ሽፋን ፈልጉ። ቃሪያው ከተስማማችሁ ወደ ኒካራጓ፣ ወደ ኤስቴሊ። ኩባን ለኋላ አቆዩት፣ ዋጋውም ውድ ነው፣ ሐሰተኛውም ብዙ ነው፣ ምላሳችሁ ልዩነት መለየት ሲጀምር ደግሞ ገንዘባችሁን ምን ላይ እንዳዋላችሁ ታውቁታላችሁ።