በትብብር ሥልጠና የሠልጣኝ ክትትል

በኢትዮጵያ የቴክኒክና ሙያ ዘርፍ «የትብብር ሥልጠና» የሚባለው፣ ሠልጣኙ ሙያውን ከፊሉን በኮሌጅ፣ የቀረውን ደግሞ በእውነተኛ የሥራ ቦታ የሚማርበት አሠራር ነው። የሥራ ቦታው ጋራዥ፣ ሆቴል፣ የብረታ ብረት ወርክሾፕ፣ ፋብሪካ ወይም ግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ «70 በ30» ሲባል ይሰማል። 70 በመቶው የሥልጠና ጊዜ በድርጅት፣ 30 በመቶው በተቋም ይሁን ለማለት ነው። ቀመሩ በየሙያው እንዲህ ተስተካክሎ የሚገኝ ባይሆንም፣ ልጁ ከኮሌጁ ግቢ የሚርቅበት ጊዜ ረጅም መሆኑን ግን በደንብ ያሳያል። በዚያ ጊዜ ምን እንደሠራ፣ ምን እንደቻለና ምን እንደቀረው የማወቁ ሥራ ክትትል ይባላል።

የሕግ መሠረቱ በአጭሩ እንዲህ ነው። ዘርፉን የሚመለከት ራሱን የቻለ አዋጅ በ1996 ዓ.ም. በቁጥር 391 ወጣ፤ በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 954 ተተካ። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ዘርፉን በፌዴራል ደረጃ የሚመራው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። ከፌዴራል በታች ያለው ሥራ ሁሉ የሚከናወነው በክልል ቢሮዎች፣ በኮሌጆችና በድርጅቶች መካከል ነው።

በአንድ ሠልጣኝ ክትትል ላይ ሦስት ሰዎች እጃቸው አለበት፦ ሠልጣኙ ራሱ፣ በድርጅቱ ውስጥ እንዲያሠራው የተመደበለት ባለሙያና ከኮሌጁ እየሄደ የሚጎበኘው አሠልጣኝ። የሚያገናኛቸው ወረቀት ነው። በመጀመሪያ ኮሌጁና ድርጅቱ የመግባቢያ ሰነድ ይፈራረማሉ። ቀጥሎ ከሙያ ደረጃው ተነሥቶ የሥልጠና ዕቅድ ይዘጋጃል። የሙያ ደረጃ ማለት አንድ ሙያ በየብቃት አሃዱ ተከፋፍሎ፣ በእያንዳንዱ አሃድ ባለሙያው ምን መሥራት እንዳለበት የተዘረዘረበት ሰነድ ነው። በዕቅዱም ከእነዚህ አሃዶች የትኞቹ በኮሌጅ፣ የትኞቹ በድርጅት እንደሚሸፈኑ ይለያል። ከዚያ በኋላ ሠልጣኙ የሥራ መዝገቡን ይዞ ይወጣል።

መዝገቡ ቀለል ያለ ነገር ነው፦ ቀን፣ የተሠራ ሥራ፣ የወሰደው ሰዓት፣ ያጋጠመ ችግር፣ የአሠሪው ባለሙያ ፊርማ። በአግባቡ ሲሞላ ብዙ ይናገራል። የአንድ አውቶሞቲቭ ሠልጣኝ መዝገብ በመጀመሪያው ሳምንት «ዕቃ በናፍጣ ማጠብ»፣ በሦስተኛው «ዘይትና ፊልትሮ መቀየር»፣ በስድስተኛው «የፍሬን ሸራ መቀየር፣ ከረዳት ጋር» እያለ ከሄደ፣ ልጁ ወደፊት እየተራመደ ነው። በስድስተኛው ሳምንትም «ዕቃ ማጠብ» የሚል ከሆነ ግን ጋራዡ ያገኘው ሠልጣኝ ሳይሆን ነፃ ጉልበት ነው። መዝገቡ ይህን በጊዜ እንዲያስታውቅ ነው የተፈለገው።

ችግሩ በአግባቡ የማይሞላው መብዛቱ ነው። መዝገብ ያገላበጠ ሰው ምልክቱን ያውቀዋል፦ የሁለት ወር ገጾች በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት የእጅ ግፊት፣ ፊርማዎቹም ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ የወረዱ። እንዲህ ያለው መዝገብ የሚሞላው በስንብቱ ዋዜማ ነው። ጥፋቱን ሁሉ በልጁ ስንፍና ላይ መጣል ግን ልክ አይመስለኝም። የሙያ ደረጃዎቹ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ ከእነርሱ የሚቀዱት ቅጾችም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ። የጋራዡ ቋንቋ ደግሞ አማርኛና ከጣሊያን የወረስነው ቃል ነው፦ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛ ክዳን)፣ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረት መሃል የሚገባ ማሸጊያ)፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ። ሃያ ዓመት ሞተር ያወረደ መካኒክ በቅጹ ላይ ያለው ረጅም የእንግሊዝኛ ርዕስ «ጓርኒሲዮን ቀየረ» ማለት መሆኑን የሚነግረው ከሌለ፣ የቀረበለትን ሁሉ ይፈርማል። ስለዚህ ጠንቃቃ አሠልጣኝ ሠልጣኙን ከማሰማራቱ በፊት ቅጹን ወደ ጋራዡ ቋንቋ ይመልሰዋል፤ በአንድ ገጽ ላይ አሥራ አምስት ያህል ሥራዎችን በሚታወቁበት ስማቸው ጽፎ ለመካኒኩ ይተውለታል። ከሁሉም ማሻሻያዎች ርካሹና ጠቃሚው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው የክትትል መንገድ ጉብኝት ነው። የኮሌጁ አሠልጣኝ በዕቅዱ በተቀመጠለት ጊዜ እየሄደ ልጁን በሥራ ላይ ያያል፣ ከባለሙያው ጋር ይነጋገራል፣ ቅጽ ይሞላል። ይኸው አሠልጣኝ በኮሌጁ ክፍለ ጊዜ አለው፤ በኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን አገልግሎትም ጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞችን በካይዘን (ሥራን ደረጃ በደረጃ በማሻሻል የጃፓን ዘዴ)፣ በቴክኖሎጂና በክህሎት እንዲደግፍ ይጠበቅበታል። ሠልጣኞቹ በከተማው አራት ማዕዘን ከተበተኑ ደግሞ ቀኑ በታክሲ ሰልፍ ያልቃል። በዚህ መሃል የሚደረገው ውይይት ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል፦

«ጋሼ፣ ልጁ እንዴት ነው?»

«ጨዋ ልጅ ነው። ታዛዥ ነው፣ በሰዓቱ ይገባል።»

አሠልጣኙም «በጣም ጥሩ» የሚል ሳጥን ላይ ምልክት አድርጎ ይወጣል። መካኒኩ አልዋሸም፤ የተነገረው ግን ስለ ጠባይ ነው እንጂ ስለ እጅ አይደለም። በሥራው የቆየ አሠልጣኝ ሁለተኛ ጥያቄ አለው፦ «እርስዎ በሌሉበት ምን ሥራ ያስይዙታል?» እዚህ ላይ መልሱ ይዘገያል። «ዘይት መቀየር አስይዘዋለሁ። ፍሬን ግን አላስነካውም።» በዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከቅጹ በሙሉ የሚበልጥ መረጃ አለ።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ያለ ቅጽ የኖሩት የእጅ ሙያዎች የለማጅን ዕድገት የሚለኩት በአደራ መጠን ነበር። በሽመና ቤት ልጅ መጀመሪያ ማግ በቀሰም ያዳውራል። ቀሰሙ ሳይላላና ሳይበጠስ ሲቀርብ ካዩለት በኋላ የሽመና ዕቃው ላይ ተቀምጦ ተራ ሸማ ይሞክራል፤ ጥለት የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ለማጁ የት እንደደረሰ ለማወቅ የያዘውን ሥራ ማየት ይበቃ ነበር። የዚህ አካሄድ ጉድለት ጊዜ ገደብ የሌለው መሆኑ ነው፤ ጌታው ካልወደደ ልጁ ቀሰም ሲያዳውር ዓመት ሊያልፍ ይችላል።

የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች በተቃራኒው ጫፍ ላይ ናቸው። እንደ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባሉት ቦታዎች በሚሠራበት የመስመር አመራረት (እያንዳንዷ ሠራተኛ የልብሱን አንድ ክፍል ብቻ ሰፍታ ለቀጣይዋ የምታስተላልፍበት)፣ የእያንዳንዱ መስመር ምርት በየሰዓቱ በሰሌዳ ላይ ይጻፋል፤ የአዲሷ ሠራተኛ ፍጥነትም ከተመደበው ጊዜ ጋር በመቶኛ ይነጻጸራል። ለኮሌጅ አሠልጣኝ ይህ የተዘጋጀ ማስረጃ ነው፤ ማንም በስንብት ዋዜማ አይፈጥረውም። ነገር ግን የሚለካው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኮሌታ መግጠም ላይ ፍጥነቷ ያማረ ልጅ እጅጌ ገጥማ ላታውቅ ትችላለች፤ ፋብሪካውም ከኮሌታው ሊያነሣት አይፈልግም። ስለዚህ በፋብሪካ ክትትል ዋናው ጥያቄ «ስንት ሰፋች?» ሳይሆን «ስንት ቦታ ተዘዋወረች?» ይሆናል።

የኢትዮጵያ ሥርዓት ብዙ የተዋሰው ከጀርመን ነው፤ በዘርፉ ማሻሻያ ላይ የጀርመን የልማት ትብብር ለረጅም ጊዜ ተሳትፏል። እዚያ ሠልጣኙ ከድርጅቱ ጋር ውል ገብቶ ወርኃዊ አበል ይከፈለዋል፤ የሥልጠና መዝገብ መያዝ ግዴታ ነው፤ መዝገቡ ሳይሟላ ለመጨረሻው ፈተና አይቀርብም። ከሁሉ የሚያስቀናው ግን ትንሽ የምትመስለው ድንጋጌ ናት፦ አሠሪው ሠልጣኙ መዝገቡን በሥራ ቦታው እንዲሞላ ዕድል መስጠት አለበት። መዝገብ የሥራው አካል ነው እንጂ የማታ የቤት ሥራ አይደለም ማለት ነው። እኛ ቅጹን ወስደን ሰዓቱን ትተን የመጣን ይመስለኛል።

ክትትሉ ችግር ሲያገኝ ምን ይደረጋል? የታሰበው ቀላል ነው፦ ዕቅዱ ይከለሳል ወይም ሠልጣኙ ወደ ሌላ ድርጅት ይዛወራል። በተግባር ምትክ ድርጅት እንደልብ ስለማይገኝ፣ የኮሌጁ አስተባባሪ ያለውን ላለማጣት ይለሳለሳል፤ ስድስት ሳምንት ዕቃ ያጠበው ልጅም ሰባተኛውን ይቀጥላል። አንዳንድ ኮሌጆች የጎደለውን አሃድ በራሳቸው ወርክሾፕ በማካካሻ ይሸፍናሉ። ሌሎች ሁለት ድርጅቶችን አጣምረው አንዱ የማይሠራውን በሌላው ያሟላሉ፤ ለምሳሌ በናፍጣ መኪና ብቻ የሚሠራ ጋራዥ ከቤንዚን ጋራዥ ጋር ይጣመራል።

በመጨረሻ ሠልጣኙ ለብቃት ምዘና ይቀርባል፤ ውጤቱም «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። መዛኙ ያሠለጠነው ሰው አይደለም፤ በመዝገቡ ላይ ስንት ፊርማ እንዳለም አይቆጥርም። ቴስታታ ፍታ ብሎ ያዝዝና የልጁ ቁልፍ መጀመሪያ በየትኛው ብሎን ላይ እንደሚያርፍ ይመለከታል። ሲፈታ ከዳር ወደ መሃል፣ ሲጠብቅ ከመሃል ወደ ዳር መሆኑን በጋራዡ ያሳዩት ከሆነ፣ እጁ ሳይጠይቅ ወደ ዳሩ ይሄዳል።