«የስኳር ኪኒን ታግዷል» ብላችሁ ኪኒናችሁን የተዋችሁ፣ ቆይ ስሙኝ

እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ጎረቤታችን የሆኑ እናት ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒናቸውን ሁለት ሳምንት ሙሉ ትተውት ነበር። ለምን ስላቸው «የስኳር ኪኒን ጉበት ስለሚያበላሽ ታግዷል አሉ ልጄ» አሉኝ። ስናስለካቸው ስኳራቸው ከ300 በላይ። በጣም ደነገጥኩ።

«የስኳር ኪኒን ታግዷል»

የታገደው ትሮግሊታዞን የሚባል ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ሬዙሊን በሚል ስም ይሸጥ የነበረው። እ.ኤ.አ. በ1997 ገበያ ላይ ወጣ፣ በ2000 ከገበያ ተነሳ። እንግሊዝማ በዚያው በ1997 አቁማዋለች። ሜትፎርሚን ሌላ መድኃኒት ነው፣ ዘሩም አይገናኝም።

«ስለማይሠራ ነው የታገደው»

ኧረ ይሠራል! ሰውነት ኢንሱሊንን በደንብ እንዲጠቀም ስለሚያደርግ ስኳር ያወርድ ነበር። ችግሩ አንዳንዱን ታማሚ ጉበቱን አበላሽቶ ለሞት ወይም ለጉበት ንቅለ ተከላ ማድረሱ ነው። ስለዚህ ድሬ ውስጥ ሰው በሻንጣ ያመጣውን ስሙ የማይታወቅ ኪኒን «ስኳሬን ካወረደልኝ ምን ቸገረኝ» ብሎ የሚውጥ ሰው ሳይ ያመኛል። ስኳር መውረዱ ስለ ጉበት ምንም አይነግርህም።

«ጉበቴ ቢታመም አውቀዋለሁ፣ ያኔ አቆማለሁ»

ዓይን ቢጫ ሲሆንና ሽንት ሲጠቁር ጉዳቱ ብዙ ሄዷል። ትሮግሊታዞን ለሚወስዱ ሰዎች በየጊዜው የጉበት ምርመራ ታዞ ነበር፣ ያም ሆኖ በምርመራዎቹ መሃል በድንገት የተጎዱ ነበሩ።

«የትሮግሊታዞን ዘመዶች ሁሉ መርዝ ናቸው»

አይደሉም። ዘመዱ ፒዮግሊታዞን ዛሬም ይታዘዛል፣ ጉበትን እንደዚያኛው አልጎዳም። ግን ሰውነት ውስጥ ውሃ ስለሚይዝ ልቡ ለደከመ ሰው አይሰጥም። እግራችሁ ካበጠ ወይ ትንፋሽ ካጠራችሁ ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ።

«ሜትፎርሚን ታዲያ ምንም አደጋ የለውም»

እንደሱም አላልኩም። ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰው አይሆንም። በዚህ በድሬ ሙቀት ደግሞ ተቅማጥና ትውከት ይዟችሁ የሰውነታችሁ ውሃ ካለቀ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል፣ እስኪሻላችሁ ማቆም እንዳለባችሁ የዚያኑ ዕለት ሐኪማችሁን ጠይቁ። ስትሄዱ የኪኒኑን ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ፣ «ነጯ ክብ ኪኒን» ብትሉት የትኛዋ እንደሆነች ማንም አያውቅም።