የማዘጋጃ ቤት ገቢ ምንድን ነው?

«በሐምሌ ግብሬን ከፍያለሁ፤ መንገዱ ግን ያው ጭቃ ነው።» በትንንሽ ከተሞቻችን ይህን ያላለ ባለሱቅ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ቅሬታው ተገቢ ነው። ግን አንድ ነገር ስቷል። በሐምሌ የከፈለው የንግድ ትርፍ ግብር ከመነሻውም ለሰፈሩ መንገድ ተብሎ የተሰበሰበ አይደለም። የሰፈር መንገድ የሚሠራው ከሌላ ቋት ነው። ያ ቋት የማዘጋጃ ቤት ገቢ ይባላል።

አንድ ከተማ ሁለት ዓይነት ሥራ አለበት። አንደኛው የመንግሥት ሥራ የሚባለው ነው። ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ፖሊስ እዚህ ውስጥ ናቸው። ሁለተኛው ማዘጋጃ ቤታዊ ይባላል። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ የመንገድ መብራት፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ ገበያ፣ ቄራ፣ ለቤት መሥሪያ ቦታ ማዘጋጀት እዚህ ይገባሉ። የመጀመሪያው በአብዛኛው ከክልል በሚመጣ ጥቅል በጀትና በመደበኛው ግብር ይሸፈናል። የመምህሯ ደመወዝ ከዚያ ነው የሚወጣው። ሁለተኛውን ግን ከተማው በራሱ ሰብስቦ በሚያገኘው ነው የሚሠራው። ምክር ቤት ላይ በጀት ሲቀርብም ሁለቱ ለየብቻቸው ነው የሚቀርቡት።

ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ብዙ ቦታ የሚከፈለው እዚያው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት፣ እዚያው መስኮት፣ ለዚያችው ገንዘብ ያዥ ነው። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው የገቢ ዓይነት ካልታየ በስተቀር ልዩነቱ አይታወቅም። የግለሰብ ነጋዴ የትርፍ ግብር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የክልል ገቢ ነው። ከተማው ቢሰበስበውም እንዳሻው ለኮብልስቶን አያውለውም። የጣሪያና ግድግዳ ተብሎ የተከፈለው ግን እዚያው ይቀራል።

ታዲያ እዚያ የሚቀረው ምን ምን ነው? ትልቁን ስም የያዘው ይኸው ጣሪያና ግድግዳ የምንለው የቤት ግብር ነው። ከሱ ጋር የቦታ ኪራይ አለ። የሊዝ ገንዘብ አለ። የግንባታ ፈቃድ፣ የካርታ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ክፍያ አለ። የጉልት ቦታ፣ የቄራ፣ በብዙ ከተማም የመናኸሪያ አገልግሎት አለ። ጭነት መኪና ላይ የሚጣለው ኮቴም አለ። ኮቴ ላይ ሾፌሮች ምን እንደሚሉ ገመድ የተዘረጋበት ኬላ ላይ አንድ ሰዓት መቆም በቂ ነው፤ እዚህ መድገም ነውር ይሆናል።

ይህ ገቢ እንዴት እንደሚሰበሰብ ማየት የፈለገ በገበያ ቀን የከብት ተራ በር ላይ ይቁም። አንድ ሰው ጥራዝ ደረሰኝ ይዞ ቆሟል። በሬ ይህን ያህል፣ በግ ይህን ያህል። አንዱ ገበሬ ሁለት በግ እየነዳ መጥቶ «ካልሸጥኩትስ?» ይላል። «ሲወጡ ይጠይቁኝ፣ አባቴ» ይላል ደረሰኝ ቆራጩ ልጅ። ሲወጡ ልጁ ሌላው በር ላይ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በአጥር ቀዳዳ የገባ፣ ከተራው ውጭ መንገድ ዳር የተሸጠ፣ ደረሰኝ ሳይቆረጥ «እንደምንም» ያለፈ ሞልቷል። የከተማው መንገድ ከነዚህ ሳንቲሞች ነው የሚጠበቀው። ለዚህም ነው አንዳንድ ከተሞች የገበያውን ገቢ መሰብሰብ በጨረታ ለማኅበር የሚሰጡት። ማኅበሩ የተወሰነ ብር ያስገባል፣ ትርፉ የራሱ ነው። ገቢው አስተማማኝ ይሆናል፤ ገበሬው ላይ ግን አንዳንዴ ይበረታል።

አሁን ወደ ጣሪያና ግድግዳ። ማዘጋጃ ቤቶችን የሚመለከተው የመጀመሪያው ሰፊ ሕግ የንጉሡ ዘመን አዋጅ ቁጥር 74/1937 ነው። ዛሬ ለምንከፍለው መሠረት የጣለው ግን ደርግ ነው። በሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ቦታው የመንግሥት ከሆነ የቤቱ ባለቤት ለቦታው ኪራይ ይከፍላል ማለት ነው። በዓመቱ አዋጅ ቁጥር 80/1968 መጣ። የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብርን አንድ ላይ ደነገገ። የቤት ግብሩ የሚሰላው ቤቱ ቢከራይ በዓመት ሊያወጣ ይችላል ተብሎ ከተገመተው ኪራይ ነው።

ችግሩ ግምቱ ላይ ነው። ያኔ የተገመተው ኪራይ በብዙ ቦታ ለአስርት ዓመታት ሳይነካ ቆየ። ቤቱ ፎቅ ሆነ፣ ኪራዩ በሺህ ተቆጠረ፣ ግብሩ ግን ያው የድሮው ጥቂት ብር። አንዳንድ ከተማ ላይ የሚሰበሰበው ለሰብሳቢው ውሎ አበል አይበቃም ቢባል ማጋነን አይመስለኝም። አዲስ አበባ በ2015 ግምቱን ስታድስ የተነሳውን ጫጫታ ሁሉም ያስታውሳል። ሰው የጮኸው በግብሩ መኖር ሳይሆን አርባ ምናምን ዓመት የተኛ ግምት በአንድ ጀምበር ስለተነሳበት ነው።

በዚያው በ2015 የተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በጋራ ተሰብስበው በቦታና በቤት ላይ የሚከፈለውን የንብረት ታክስ የመጣል ሥልጣን የክልሎች እንዲሆን ወሰኑ። በጥር 2017 ደግሞ የፌዴራሉ የንብረት ታክስ አዋጅ ጸደቀ። አዋጁ ማዕቀፍ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን ሕግ ያወጣሉ፣ ከተሞች ያስፈጽማሉ። የአንድ ትንሽ ከተማ ምክር ቤት ከሜዳ ተነስቶ አዲስ ታክስ መፍጠር አይችልም። ክልሉ ባወጣው ሕግና ታሪፍ ውስጥ ሆኖ ነው የሚወስነው። ስለዚህ ከንቲባው ላይ ከመጮህ በፊት የትኛው ክልል፣ የትኛውን ደንብ፣ መቼ እንዳወጣ ማየት ይጠቅማል።

ጣሪያና ግድግዳው ይህን ያህል ደካማ ከሆነ ከተሞች በምን ኖሩ? በመሬት። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ከወጣ ወዲህ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ ነው የሚተላለፈው። ጥሩ ጨረታ የወጣበት ዓመት ከተማው ይተነፍሳል። ጨረታ ከሌለ ሁሉም ይቆማል። በአንድ ጊዜ የሚገኝ ገቢን በየዓመቱ ለሚመጣ ወጪ መመደብ አደገኛ ነገር ነው። መሬቱም ዝም ብሎ አይመጣም። ከከተማው ጠርዝ ያለ ገበሬ ካሳ ተከፍሎት ነው የሚነሳው። ካሳውን የሚከፍለው ማነው? ያው ማዘጋጃ ቤቱ፣ ከዚያው ቋት። ቋቱ ባዶ ከሆነ ካሳ የለም፣ ካሳ ከሌለ ቦታ የለም፣ ቦታ ከሌለ ሊዝ የለም።

ሌላም አለ። በብዙ ትንንሽ ከተሞች የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች ደመወዝ ራሱ ከዚህ ገቢ ነው የሚከፈለው። መሐንዲሱ፣ ቀያሹ፣ ዘበኛው፣ የጽዳት ሠራተኛዋ። ለምሳሌ ያህል ከተማው 100 ብር ሰበሰበ እንበል። 70ው ለደመወዝ፣ 15ቱ ለነዳጅ፣ ለአበልና ለጽሕፈት መሣሪያ ከሄደ ለመንገድ 15 ብር ቀረ። ምክር ቤቱ «ገቢያችንን በ10 ብር አሳደግን» ብሎ ሲያጨበጭብ ያችኑ ዓመት የደመወዝ ጭማሪ ከመጣ፣ ጭማሪው የት እንደገባ ገባችሁ። ቁጥሩ የእኔ ምሳሌ ነው፤ ነገሩ ግን በየከተማው ያለ ነው። በእኔ እይታ የትንሽ ከተማ በጀት ሲቀርብ መጀመሪያ መታየት ያለበት «ስንት ተሰበሰበ» የሚለው ሳይሆን ከተሰበሰበው ለካፒታል ሥራ፣ ማለትም ለመንገድና ለመሳሰለው ግንባታ የቀረው ነው።

በቀረችዋ ብር ታዲያ እንዴት ኮብልስቶን ተነጠፈ? በሦስት መንገድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ተደባልቀው። አንዱ የከተማው ድርሻ ነው። ሁለተኛው የነዋሪው መዋጮ ነው። ሰፈሩ ኮሚቴ ያቋቁማል፣ በየቤቱ ይከፈላል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ቀሪውን ይሞላል። ሦስተኛው በዓለም ባንክ ሲደገፍ የቆየው የከተሞች ፕሮግራም ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በ19 ከተሞች ተጀመረ፣ በ2006 ወደ 44፣ በ2010 የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ማስፋፊያ ፕሮግራም በሚል ወደ 117 አደገ። እዚያ ለመግባትና ለመቆየት ግን ከተማው በየዓመቱ ይገመገም ነበር፣ ከራሱም ማዋጣት ነበረበት። በሌላ አነጋገር የማዘጋጃ ቤት ገቢው ደህና የሆነ ከተማ ተጨማሪ ያገኝ ነበር። በፕሮግራሙ ያልታቀፉት ብዙ ትንንሽ ከተሞች ደግሞ ከመዋጮና ከራሳቸው ገቢ ጋር ብቻ ነበሩ።

መዋጮው ላይ አንድ የማይነሳ ነገር አለ። መዋጮ በሕግ ግብር አይደለም፤ ሰፈሩ ተስማምቶ ነው የሚባለው። ግን ጎረቤቱ ሁሉ ከፍሎ ያልከፈለ ሰው ለጉዳይ ቀበሌ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው የመዋጮውን ደረሰኝ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። በኪራይ የሚኖረውስ? መንገዱ ሲነጠፍ የቤቱ ዋጋ ያደገው ለአከራዩ ነው፣ ኮሚቴው ያንኳኳው ግን የተከራዩን በር። ይሄ ስብሰባ ላይ ሲነሳ ብዙም አልሰማሁም።

ውሳኔውን የሚሰጠው ማነው የሚለው እንደ ከተማው ደረጃ ይለያያል። በአማራ ክልል ለምሳሌ ከተሞች የከተማ አስተዳደር፣ መሪ ማዘጋጃ ቤት፣ ንዑስ ማዘጋጃ ቤትና ታዳጊ ከተማ ተብለው ይመደባሉ። ከተማ አስተዳደር የሆነው የራሱ ምክር ቤትና ከንቲባ አለው፣ በጀቱን ራሱ ያጸድቃል። ከዚያ በታች ያሉት ከወረዳው ጋር ተጣብቀው ነው የሚኖሩት። «ከተማ አስተዳደር እንሁን» የሚለው ጥያቄ በየቦታው የሚነሳው ለክብር ብቻ አይደለም።

ምክር ቤቱን የመረጠው ማነው የሚለው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የወረዳ፣ የከተማና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ የተደረገው በሚያዝያ 2005 ነበር። በ2010 መደረግ የነበረበት ተራዘመ። በ2013 የተካሄደው ምርጫ የተወካዮች ምክር ቤትና የክልል ምክር ቤቶች፣ እንዲሁም የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ነበር። በጀት የሚያጸድቅልህን የሰፈርህን ተመራጭ ስም የማታውቀው አንተ ብቻ አይደለህም።

ውሃ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። የከተማ ውሃ አገልግሎት የራሱ ሂሳብና የራሱ ቦርድ አለው። በ1991 የወጣው የውሃ ሀብት ፖሊሲ የከተማ ውሃ ወጪውን በራሱ ገቢ እንዲሸፍን ነው የሚለው። ስለዚህ ታሪፉ በእርከን ነው፤ ብዙ የተጠቀመ በሜትር ኪዩብ ብዙ ይከፍላል፣ ከቦኖ በጀሪካን የሚቀዳው በሌላ ዋጋ ነው። ቦርዱ ታሪፍ ሲጨምር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምክንያት ፓምፕ ነው። ውሃውን ከጉድጓድ የሚያወጣው መብራት ነው። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እንዲል ተወስኗል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር፣ ለሱ ናፍጣ። ከሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ፓምፕና ቆጣሪ ተወደደ። በሌላ በኩል ከመሬት በታች በተሰበረ ቱቦ የሚፈሰውን ውሃ ማንም አይከፍልበትም። እሱም ቢሆን ግን መብራት በልቶ ነው የወጣው።

ሁለቱ ቋቶች የሚጋጩት መንገዱ ላይ ነው። አዲስ የውሃ መስመር ለመቀጠል የተነጠፈው ኮብል ይነሳል። ድንጋዩ ተቆጥሮ ከተነሳና አሸዋው ተስተካክሎ ከተመለሰ ምንም አይሆንም፤ የኮብልስቶን አንዱ ጥቅሙ ይኸው ነው። ግን ቱቦውን የቀበረው ውሃ አገልግሎት «መንገድ የማዘጋጃ ቤት ነው» ይላል። ማዘጋጃ ቤቱ «የቆፈረው ይመልስ» ይላል። ለመስመሩ የከፈለው ደንበኛ ለቁፋሮውም ከፍሏል። ይህን መፍታት ከባድ አይደለም፦ የመንገድ መልሶ ማስተካከያ ክፍያው በቅጥያ ውሉ ላይ ተጽፎ፣ ከቁፋሮው በፊት ተይዞ፣ በማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ ፊርማ የሚለቀቅ ይሁን። በምክር ቤት አንድ ስብሰባ የሚያልቅ ውሳኔ ነው፣ ከክልልም ፈቃድ አያስፈልገውም ብዬ አምናለሁ።