«ከእኛ በኋላ የጥፋት ውሃ»፦ ማን አለው? ምን ማለቱስ ነው?

ፈረንሳዮች «ከእኛ በኋላ የጥፋት ውሃ» የምትል አባባል አለቻቸው። ለእኛ ብዙ ማብራሪያ አትፈልግም፤ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ዛሬ ልብላ፣ ዛሬ ልደሰት፣ ከእኔ ወዲያ የሚሆነው አያገባኝም እንደማለት ነው። አንድ ሹም ወይም ባለሀብት ነገ የሚመጣውን ጣጣ እያወቀ የዛሬ ጥቅሙን ብቻ ሲያሳድድ ይጠቅሱበታል። ካርል ማርክስም በ1867 የካፒታሊስት ሁሉ መፈክር ይህ ነው ብሎ ጽፏል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማን ተናገረው ሲባል ሁለት ስም ይነሳል። አንዳንዱ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ ነው ይላል። አብዛኛው ግን እቁባቱ ማዳም ደ ፖምፓዱር ናት ባይ ነው። በኖቬምበር 1757 ሮስባኽ በተባለ ቦታ የፕሩሺያው ንጉሥ ፍሬድሪክ 2ኛ 22 ሺህ ገደማ ወታደር ይዞ፣ 40 ሺህ የሚጠጋውን የፈረንሳይና የጀርመን አጋሮቿን ጦር በሁለት ሰዓት ባልሞላ ውጊያ በተነው። የፈረንሳዩን ጦር የመራው ሱቢዝ ደግሞ የፖምፓዱር ሰው ነበር። ንጉሡ አንገቱን ደፍቶ ሲገባ «አይዘኑ፣ ያምዎታል፤ ከእኛ በኋላ የጥፋት ውሃ ነው» አለችው ይባላል። ሰዓሊው ሞሪስ ካንተን ደ ላ ቱር ምስሏን እየሳለ ስለነበር በጆሮው ሰምቷል ይላል ትረካው።

እዚህ ላይ እኔ እጠራጠራለሁ። ደ ላ ቱር የሳላት ታዋቂው ምስል ፓሪስ ላይ ለሕዝብ የታየው በ1755 ነው፤ ከሮስባኽ ሁለት ዓመት አስቀድሞ። ሌላ ምስል እየሳላት ነበር ካልተባለ በቀር ነገሩ አይገጥምም። ሐሳቡም ቢሆን ከእሷ በፊት የነበረ ነው፤ «እኔ ከሞትኩ ምድር ከእሳት ትቀላቀል» የሚል የጥንት የግሪክ ስንኝ አለ፤ በሮማው ቄሣር በኔሮ ታሪክ ውስጥም ይጠቀሳል።

ምስሉን ግን ጠጋ ብላችሁ እዩት። አሁን ሉቭር ሙዚየም ነው ያለው፤ በፓስቴል የተሠራ፣ የሰው ቁመት የሚያህል ሥራ ነው። ፖምፓዱር በወርቅማ ሐረግና በጽጌረዳ ያጌጠ ነጣ ያለ የሐር ቀሚስ ለብሳ፣ የሙዚቃ ኖታ ይዛ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያለው ጠረጴዛ ላይ የምድር ሉል አለ፣ መጻሕፍትም ተደርድረዋል። አንዱ የዘመኑ የፈረንሳይ ሊቃውንት ያዘጋጁት ትልቅ የዕውቀት መዝገብ፣ የኢንሳይክሎፔዲያው 4ኛ ቅጽ ነው፤ የዚህ ሥራ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጾች በ1752 በንጉሡ ምክር ቤት ታግደው ነበር። ሌላው የፈረንሳዊው ፈላስፋ የሞንቴስኪዬ «የሕጎች መንፈስ» ነው፤ ሥልጣን ሁሉ በአንድ እጅ ሲከማች ነፃነት እንደሚጠፋ የሚናገር መጽሐፍ። በፍፁም ዘውዳዊ አገዛዝ እምብርት ላይ የተቀመጠች ሴት ይህን መጽሐፍ አጠገቧ አድርጋ ነው የተሳለችው። ስለዚህ ይህች ሴት አላዋቂ አልነበረችም። አባባሏን እኔ ዘንድ ከባድ የሚያደርገው ይህ ነው።

ለነገሩ የፈረንሳይ መንግሥት ዕዳ ከእሷም ቀድሞ የተጀመረ ነው። ሉዊ 14ኛ በ1682 መንግሥቱን ጠቅልሎ ቬርሳይ ቤተ መንግሥት ሲገባ መኳንንቱን አብሮ አስገባ፤ ንጉሡ ጠዋት ሲነሳ ሸሚዙን ማቀበል እንደ ትልቅ ክብር የሚቆጠርበት ግቢ ነበር። በ1689 የጦርነቱ ወጪ ሲያጣድፈው የቬርሳይን የብር ዕቃ አቅልጦ ገንዘብ አደረገው። በ1715 ሊሞት ሲል፣ ወራሹን የአምስት ዓመት ሕፃን አስጠርቶ በግንባታና በጦርነት ፍቅር እንዳትመስለኝ ብሎ መከረው ይባላል። ሕፃኑ በዚያው ዓመት ሉዊ 15ኛ ተብሎ ነገሠ። እሱም ገነባ፣ እሱም ተዋጋ።

ሮኮኮ የምንለው ጥበብ ያበበው በዚህ ዘመን ነው። ቀላ ያለ ሮዝ፣ ውሃማ ሰማያዊ፣ እንደ ዛጎል የሚጠማዘዝ ወርቅ ቅብ፣ የቡሼ ሥዕሎች፣ ፖምፓዱር ራሷ የደገፈችው የሴቭር ሸክላ። ይህን ጥበብ እወደዋለሁ፤ የእጅ ሥራው ዛሬም ያስደንቃል። ግን ማን ከፈለ? መኳንንቱና ካህናቱ ታይ ከሚባለው ዋና ግብር ነፃ ስለነበሩ ሸክሙ የወደቀው ገበሬው ላይ ነው። የጎደለው በብድር ተሞላ። በ1788 ከመንግሥት ወጪ ግማሽ ያህሉን የሚበላው ዕዳ ነበር።

ከእኛ ተረት ጋር የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። አህያዋ ሰርዶ አይብቀል ብላ ተመኘች እንጂ የሌላውን ድርሻ አልበላችም። የቬርሳይ ሰዎች ግን ገና ያልተወለደ ሰው የሚከፍለውን በልተዋል። ፖምፓዱር በ1764 በ42 ዓመቷ አረፈች፤ ለእሷ የታሰበው ትንሹ ትሪያኖን ቤተ መንግሥት ያለቀው በ1768 ነው። ንጉሡም በ1774 በፈንጣጣ ሞተ። ዕዳው የልጅ ልጁን ሉዊ 16ኛን ጠበቀው፤ በጃንዋሪ 1793 አንገቱ ተቀላ።

አባባሉን እንደ ትንቢት የሚወስዱ አሉ፤ የ1789ኙ የፈረንሳይ አብዮት ቀድሞ ታይቷት ነበር ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። በእርግጥ ብላው ከሆነ፣ በ1757 የፈለገችው ያዘነ ሰው ማጽናናት ነው፤ ተወው፣ እኛን አያገኘንም እንደማለት። ትንቢት መስሎ መሰማት የጀመረው ከ1789 በኋላ፣ ውሃው በእርግጥ ከመጣ ወዲህ ነው። ዛሬ ሲጠቀስ ግን በአብዛኛው ከላይ መግቢያው ላይ ባልነው ትርጉም፣ የነገን ሰው ረስቶ ለሚኖር ሰው እንደ ወቀሳ ነው።